ያውቁ ኖሯል? የገንዳው ጉልቤ

ሎሎጎ ተቀምጦ ስለ ባሕር ዓሣ ማውራት ትንሽ ያስቃል። ሠፈሩ የሚገኘው በጁባ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር ነው። የደቡብ ሱዳን ዕቃ የሚራገፍበት የሞምባሳ ወደብ በመኪና መንገድ ከ1500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቢሆንም ሳሎኑ ውስጥ ባለ ጨው ውሃ አኳሪየም የሚያምረው ሰው በየከተማው አይጠፋም። ደግሞም ከሎሎጎ ሥር የሚያልፈው ወንዝ በጠበኛ ዓሣ ከቀይ ባሕር አያንስም። ስለዚህ የዛሬው አምዳችን ሁለቱንም እያጣቀሰ ይሄዳል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ዓሣ ሌላውን ሲያሳድድ አብዛኛውን ጊዜ ሊገድለው አስቦ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? የሚፈልገው ከአጠገቡ እንዲሄድለት ነው። ባሕር ውስጥ ተባራሪው ጥቂት ሜትር ከራቀ ነገሩ ያበቃል፤ ሁለቱም ወደየጉዳያቸው ይመለሳሉ። የመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን የሚሄድበት የለም። ተባራሪው ጥግ ሲደርስ ይቆማል፤ አባራሪው ደግሞ «አሁንም እዚሁ ነህ?» ያለ ይመስል ይመለስበታል። ባሕር ላይ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ግብግብ ሳሎን ውስጥ ቀናት ይቆይና በሬሳ ያልቃል። ባለሙያዎች የሚመክሯቸው ዘዴዎች ሁሉ የሚሠሩት ይህን የማምለጫ ማጣት ችግር እስካቃለሉ ድረስ ነው። ያን የማያቃልል ዘዴ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጠቡን በጊዜ ለመያዝ ከጉልቤው ይልቅ ተጠቂውን ማየት ይሻላል። ጤነኛ ዓሣ ምግብ ሲጣል ወደ ፊት ይመጣል። የተጠቃው ግን ከውሃው ወለል አጠገብ፣ ከፓምፑ ወይም ከማሞቂያው ጀርባ ተለጥፎ ይውላል። የጅራቱ ክንፍ ጠርዝ ተቦጫጭቋል፤ ቀለሙ ገርጥቷል፤ መተንፈሻ ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ምግብ አፉ ሥር ቢያልፍ እንኳ አይነካም። የተቀደደ ክንፍ መልሶ ያድጋል፤ ስለዚህ ክንፉ ብቻውን አያስደነግጥም። መብላት ያቆመውን ግን በዚያው ቀን መለየት ያስፈልጋል።

ቀይ ባሕር ታንግ ከሚባሉት ዓሦች «ሶሃል» የተባለው አለው። ግራጫ ገላው ላይ ቀጫጭን ጥቁር ሰማያዊ መስመሮች ተሰምረውበታል። ሲያድግ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ እንደ ምላጭ የሰላ እሾህ ተሸክሟል። ዓሣ አርቢዎች ከሚያውቋቸው ታንጎች መካከል በጠበኝነቱ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። ሲቆጣ የጀርባውን ክንፍ ይዘረጋል፤ ፊቱን ሳይሆን ጎኑን ይሰጣል፤ ከዚያ ጅራቱን ወደ ባላጋራው እያስጠጋ ይወነጨፋል። አንዴ ከቀናው የሌላው ዓሣ ጎን እስከ ሥጋው ይተለተላል። ገንዳውን ሲያጸዱ እጅዎም ከዚያ እሾህ አይድንም። ስሙን በሳይንስ መዝገብ ላይ ያሰፈረው የተፈጥሮ ሊቁ የሊኔየስ ተማሪ ፔተር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ሥራውን አብሮት ተጉዞ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት።

ቀይ ባሕር ውስጥ የሚኖረውን ባለ ሁለት ቀለበት ክላውንፊሽ በ1830 የሰየመው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ጎንደር ድረስ እንደመጣ ያውቁ ኖሯል? በምጽዋ በኩል ገብቶ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ዞረ፤ ከጣና ሐይቅ የሰበሰባቸውን ዓሦችም ሰይሟል። ምጽዋና ጣና በአንድ ሰው ማስታወሻ ውስጥ እንዲህ ተገናኝተዋል።

እዚህ ላይ ክላውንፊሽን ሰፋ አድርገን እንይ፤ ይህች ትንሽ ዓሣ ጉድ ናት። አኔሞኒ በሚባለው፣ ጣቶቹ በሚናደፉ የባሕር እንስሳ ውስጥ በቡድን ትኖራለች። ከቡድኑ ትልቋ ሴት ናት፤ ሁለተኛው ወንድ ነው፤ የቀሩት ታናናሾች ገና ለመራባት ያልደረሱ ናቸው። ሴቷ ስትሞት ወንዱ ራሱ ወደ ሴትነት ይለወጣል፤ ከታናናሾቹ አንዱ ደግሞ በወንዱ ቦታ ይተካል። ሃንስ ፍሪከና ሲሞነ ፍሪከ በ1977 «ኔቸር» መጽሔት ላይ እንደገለጹት ይህን ሥርዓት የሚያስጠብቀው የትልቋ ጉልበት ነው። ለገዢ የሚሆነው ትምህርት ቀላል ነው፦ እኩያ የሆኑ ሁለት ትልልቅ ክላውንፊሾች አይግዙ። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ይውሰዱ፤ ማዕረጉን ራሳቸው ያወጡታል።

ከዚህ የሚገርመው የታናሹ ብልሃት ነው። ፒተር በስተን በፓፑዋ ኒው ጊኒ ባጠናቸው ክላውንፊሾች ዘንድ ታናሹ ከበላዩ ካለው ጋር እንዳይተካከል እድገቱን ራሱ ይገታል። ጥናቱ የወጣው በ2003 ነው። የበላዩ ሲያድግ እሱም ያድጋል፤ የበላዩ ባለበት ሲቆም እሱም ይቆማል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የተጠጋጋ መጠን ያለው ተፎካካሪ ከቤት ይባረራል፣ ከአኔሞኒው ውጭ ደግሞ የሚጠብቀው ትልቅ ዓሣ አፍ ነው። እንግዲህ ገንዳዎ ውስጥ «ይህቺ አላድግ አለች» የሚሏት ዓሣ የታመመች ላትሆን ትችላለች።

ክላውንፊሽ መስመር ትቆጥራለች ቢባሉስ? በ2024 የታተመ የኦኪናዋ ተመራማሪዎች ሥራ የሚያሳየው ያንን ነው። ባለ ሦስት ነጭ መስመር ክላውንፊሾች የራሳቸውን ዓይነት፣ ማለትም ሦስት መስመር ያለውን፣ ከሁሉ አብልጠው ያጠቃሉ። ምንም መስመር የሌለውን ብዙም አይነኩትም። በቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ዓሣ ቢያሳዩዋቸውም ፍርዳቸው ያው ነው። ቤትና ሚስት ሊቀማቸው የሚችለው የሚመስላቸው ብቻ ነዋ!

ይህን «የሚመስለኝ ነው ጠላቴ» የሚል ጠባይ ዝነኛ ያደረገው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ ነው። በ1963 ያወጣው ስለ ጠበኝነት የሚናገር መጽሐፉ የሚጀምረው በኮራል ዓሦች ነው። ደማቅ ቀለማቸው ለዝርያቸው «ይህ ቦታ ተይዟል» የሚል ማስታወቂያ ነው አለ። ሎሬንዝ በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የቀለሙ ሐሳብ ለሁሉም ዓሣ እንደማይሠራ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ለገንዳ ባለቤት ግን እስከ ዛሬ ጥሩ መመሪያ ነው፦ በቅርጽ፣ በቀለምና በምግብ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓሦችን አንድ ላይ አያስገቡ። ቢጫ ታንግ ቢጫ ታንግን ይጠላል፤ አሸዋ ላይ የሚተኛውን ጎቢ ግን ከነመኖሩም ላያስተውለው ይችላል።

«ሰላማዊ» ተብሎ የሚሸጠው አረንጓዴው ክሮሚስ እንኳ አይታመንም። ባሕር ላይ በመንጋ የሚኖር ዓሣ ነው። ስድስት ሆነው ገንዳ ከገቡ በኋላ በየተራ እየተሰናበቱ በመጨረሻ አንድ ብቻ እንደቀረላቸው የሚናገሩ አርቢዎች ብዙ ናቸው።

ጀማሪዎችን ከሚያሳስቱ ምክሮች አንዱ «መጀመሪያ ርካሽና ጠንካራ ዓሣ አስገባ» የሚለው ነው። ርካሹና ጠንካራው ብዙውን ጊዜ ዳምሴል የሚባለው ዓሣ ነው። ለምሳሌ ባለ ሦስት ነጥቡ ዳምሴል በልጅነቱ ጥቁር ገላው ላይ ሦስት ነጭ ነጥቦች ጣል ጣል ብለውበት ዓይን ይማርካል። ሲያድግ ነጥቦቹ ይደበዝዛሉ፣ ጠባዩ ይከፋል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ሁሉ የሱ ግዛት ውስጥ የገባ ጥገኛ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ ዓይን አፋሩ መጀመሪያ፣ ጉልቤው መጨረሻ።

አዲስ ዓሣ ከማስገባትዎ በፊት የገንዳውን ድንጋዮች ቢያዘዋውሩ ጠብ እንደሚቀንስ ያውቁ ኖሯል? ነባሩ የሚጠብቀው ይህችን ዋሻ፣ ያችን ስንጥቅ ነው። ዋሻዋ ስትፈርስ እሱም እንደ እንግዳው አገር ፈላጊ ይሆናል፤ ሁለቱም መኖሪያቸውን እኩል ይጀምራሉ። ዋሻዎቹን ከዓሦቹ ቁጥር አብልጦ መሥራት፣ ደግሞም እያንዳንዱ ዋሻ ሁለት መውጫ እንዲኖረው ማድረግ ከሁሉ ይበልጣል። ባለ አንድ በር ዋሻ መደበቂያ መስሎ ወጥመድ ይሆናል።

ሌላው የታወቀ ዘዴ ባለ ቀዳዳ ሣጥን ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሣጥን ጎኑ ይበሳና ገንዳው ውስጥ ይሰቀላል፤ እንግዳው እዚያ ውስጥ ጥቂት ቀናት ይከርማል። ነባሩ መጀመሪያ ሣጥኑን በጎኑ ይደበድባል፣ በአፉ ይገጨዋል። ውሎ ሲያድር ይሰለቸዋል። እንግዳውም ሳይነከስ ይበላል፤ የሠፈሩን ውሃ ይለምዳል። ነባሩ በሣጥኑ አጠገብ ዝም ብሎ ማለፍ ሲጀምር ክዳኑ ይከፈታል፤ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ካልሰለቸውስ? ያን ጊዜ ሣጥን የሚገባው ጉልቤው ራሱ ነው። ሳምንት ታስሮ ሲወጣ ሠፈሩ በሌሎች ተይዞ ይጠብቀዋል።

መልክ ማያ መስታወትም ይሠራል። ታንግ አዲስ መጤ ሲያሳድድ የገንዳው ጎን ላይ መስታወት ቢደገፍለት ጉልበቱን በገዛ ምስሉ ላይ ይጨርሳል። ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። ሁሉም ዓሣ ደግሞ በመስታወት አይታለልም። የትልልቅ ዓሦችን ተባይ እየለቀመ የሚኖረውና ጽዳት ሠራተኛ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በ2019 በታተመ የጃፓን ጥናት በመስታወት ውስጥ ራሱን ለየ። በ2024 የወጣው ተከታይ ሥራ ደግሞ ይበልጣል፦ ዓሣው መጠኑን በመስታወት ካየ በኋላ ከሱ የሚበልጥ ዓሣ ፎቶ ሲቀርብለት ማጥቃቱን ተወ። ከማየቱ በፊት ግን ትልቁንም ትንሹንም ያጠቃ ነበር። አቅሙን አይቶ ጠብ የሚመርጥ ዓሣ ማለት ነው።

የዚሁ ዓሣ ቤተሰብ አንድ ወንድና ብዙ ሴቶች ነው። ወንዱ ሲሞት ትልቋ ሴት በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ እንደ ወንድ መፎከርና ማባረር ትጀምራለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሙሉ ወንድ ትሆናለች። ሮበርትሰን የተባለው ተመራማሪ ይህን በ1972 ከአውስትራሊያ ኮራሎች አሳውቋል።

ሙቀት ጠብ እንደሚጨምርስ? ይህን ለጁባ ሰው መንገር ሳይሻል አይቀርም። የአውስትራሊያ ዳምሴሎች ላይ የተሠራና በ2010 የታተመ ጥናት የውሃው ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲጨምር ዓሦቹ ይበልጥ ደፋር፣ ቀልጣፋና ጠበኛ እንደሚሆኑ አሳይቷል፤ የለውጡ መጠን ግን ከዓሣ ዓሣ በእጅጉ ይለያያል። የባሕር አኳሪየም ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። በመጋቢት 2024 ደግሞ ደቡብ ሱዳን በሙቀት ምክንያት ትምህርት ቤቶቿን ዘግታለች። ጄኔሬተር ሲጠፋ ገንዳው እየሞቀ ይሄዳል፤ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ጨዋማ ውሃ ደግሞ መጀመሪያውኑ ከወንዝ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ትንፋሽ አጥሮት ጥሩውን ቦታ የሚሻማ ዓሣ ጎረቤቱን አይታገሥም። እንዲህ ባለ ከተማ ከውድ ዓሣ በፊት የሚገዛው በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው።

ጨውም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ወደ 35 ግራም ጨው ይይዛል፤ ስለዚህ 200 ሊትር ገንዳ ለመጀመሪያው ሙሌት ብቻ 7 ኪሎ ግራም ያህል የአኳሪየም ጨው ይበላል። የወጥ ጨው አይሆንም። ቀይ ባሕር ደግሞ በትነት ብዛት ወደ 40 ግራም ይጠጋል።

አሁን ወደ ወንዛችን። በኢትዮጵያ ቆሮሶ፣ በጁባ ቡልቲ የምንለው ዓሣ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አሸዋውን በአፉ እየጫረ ክብ ጎድጓዳ ይሠራና ሴቷን ይጠብቃል። ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትሄዳለች። ብራዚላውያን ተመራማሪዎች በ2003 እንዳሳዩት በጠብ የተሸነፈ ቆሮሶ ዓይኑ ይጠቁራል። የበላዩ ያንን አይቶ ማን እንደተገዛለት ያውቃል። የሱ ዘመድ የሆነው የሞዛምቢክ ቆሮሶ ደግሞ በሽንቱ ይፎክራል፦ ጠንካራ ወንዶች ሽንታቸውን አጠራቅመው በባላጋራቸው ፊት ይለቁታል፤ ሽታው ማዕረግ ይናገራል። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፣ የቆሮሶ ጫጩቶችን ውሃ አብዝቶ መቀየር ጠባቸውን እንደሚያባብስ የታየው። መታወቂያቸው አብሮ ይፈሳል።

ነጭ ዓባይ ውስጥ ጂምናርከስ የሚባል፣ እንደ እባብ የረዘመና የጅራት ክንፍ የሌለው ዓሣ አለ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይዋኛል፤ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ግን ከምንም አይጋጭም። ምሥጢሩን የፈታው በካምብሪጅ ይሠራ የነበረው ሃንስ ሊስማን ነው። በ1951 ዓሣው ከጅራቱ የማያቋርጥ ደካማ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳወቀ፤ በሰከንድ ወደ 300 ጊዜ። የዝሆን አፍ የሚባሉት የቅርብ ዘመዶቹም እንዲሁ በኤሌክትሪክ ይነጋገራሉ። እነሱ ሲጣሉ ተሸናፊው ምልክቱን ያቋርጣል፤ «ዝም ብያለሁ» እንደ ማለት። ለገንዳ ባለቤት ይህ ራስ ምታት ነው። እርስዎ ጸጥ ያለ ገንዳ እያዩ ውስጡ ያለው ጩኸት ላይሰማዎት ይችላል።

ኤሌክትሪክ አምባዛ ግን በደካማ ምልክት አይነጋገርም። እስከ 350 ቮልት የሚደርስ ንዝረት ይለቃል። ግብፃውያን ከ4000 ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቁታል፤ ሳቃራ በሚገኘው፣ ቲ በተባለ ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ብቻውን እንጂ ከማንም ጋር አይቀመጥም። ፋሃካ የሚባለው የናይል ፓፈርፊሽም ያው ነው። ጥርሶቹ ተጋጥመው እንደ በቀቀን አፍ ሆነዋል፤ ቀንድ አውጣ ለመሰባበር የተሠራ አፍ ለጎረቤት ክንፍም አያንስም። ሥጋው መርዝ ስላለው ደግሞ ከጁባው የኮኞ ኮኞ ገበያ ዓሣ ጋር ተቀላቅሎ ቢገኝ አይበላም።

ቀይ ባሕር ውስጥ ኦክቶፐስ ዓሣን በቡጢ እንደሚመታ ያውቁ ኖሯል? በ2020 የታተመ ጥናት በኤይላትና በግብፁ አል ቁሰይር የተቀረጹ ምስሎችን አቅርቧል። ኦክቶፐስና ዓሦች አብረው እያደኑ ሳለ ኦክቶፐሱ ድንገት አንድ ክንዱን ሰንዝሮ ጎረቤቱን ያሽቀነጥረዋል። አንዳንዴ ምግቡን ለመውሰድ ነው፤ አንዳንዴ ግን ምንም የሚገኝ ጥቅም አይታይም። ተመራማሪዎቹም በቀል ሊሆን ይችላል እስከማለት ደርሰዋል። እኔ በዚህ አልደፍርም።

ታይታን ትሪገርፊሽ ጎጆው ላይ ሲሆን ጠላቂ ሰውን ጭምር ይነክሳል። የሚጠብቀው ክልል ከጎጆው ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ጠላቂዎች «ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ሽሽ» ይባላሉ።

ጠበኛነትና አዳኝነት ይለያያሉ። አንበሳ ዓሣ ማንንም አያሳድድም፣ ክንፍ አይቦጭቅም፤ አፉ የሚያስገባውን ይውጣል እንጂ። ገንዳ ውስጥ ከግማሹ ርዝመት ያነሰ ዓሣ ካለ ጠዋት አይገኝም። በጀርባው ላይ ያሉት እሾሆችም መርዛም ናቸው።

ያስመረረዎትን ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር መልቀቅ ግን አይታሰብ። የሕንድና የፓሲፊክ ውቅያኖሶች ነዋሪ የሆነው አንበሳ ዓሣ በ1985 ፍሎሪዳ ጠረፍ ላይ ታየ። የመጣው ከአኳሪየም ከተለቀቁ ዓሦች ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ካሪቢያንን አጥለቅልቋል፤ እየታደነም አላለቀም። የጨው ውሃ ዓሣ ሎሎጎ ዳር ቢለቀቅ ነጭ ዓባይ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ይሞታል። ከሌላ አገር የመጣ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ግን ይተርፋል። የናይል ፐርች ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከገባ በኋላ የሐይቁ ትንንሽ ዓሦች በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ጠፍተዋል፤ ጁባ የሚደርሰው ውሃ ደግሞ ከዚያው ሐይቅ የሚነሣ ነው። ጉልቤውን ለሻጩ ይመልሱት፤ ካልተቀበለዎት ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ይስጡት። ወስዶ ብቻውን ሊያኖረው ፈቃደኛ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ጠበኛ ዓሦች በአብዛኛው ውቦች ናቸውና።